የግብር ዕዳ ያለበት የጋራ ቤት ክፍፍል በፍቺ

የግብር ዕዳ ያለበት የጋራ ቤት ክፍፍል የቤተሰብ ሕግና የታክስ ሕግ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚነሣ የሕግ ጥያቄ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ ከሁለቱ በአንዱ ስም ያልተከፈለ ግብር ቢገኝ፣ በትዳር ዘመን ያፈሩት ቤት ለዚህ ዕዳ መክፈያ ይውላል ወይ፣ ከዋለስ ከማን ድርሻ ላይ ይቀነሳል የሚለውን ይመለከታል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በዋናነት የሚዳኘው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እና በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 983/2008) ነው።

ጥያቄው በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ጎልቶ ይታያል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው፤ አዲሱ ገበያና አካባቢውም በሱቅ፣ በልብስ ስፌትና በጥቃቅን ንግድ የሚተዳደር ብዙ ነዋሪ አለው። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ የንግድ ፈቃዱ በአንደኛው ስም ይወጣል፣ ሥራው ግን የሁለቱም ነው። ቤቱም ብዙ ጊዜ ያላቸው ብቸኛ ትልቅ ሀብት ነው።

የሕጉ አመጣጥ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ የጋራ ንብረት አስተዳደርንም በአብዛኛው ለእሱ ይሰጥ ነበር። የፍቺ ክርክር መጀመሪያ የሚቀርበውም ለቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ይህን ተከትሎ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀርቶ የጋራ ንብረትን ሁለቱም በጋራ እንዲያስተዳድሩ አደረገ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ የአማራ ክልልም የራሱ ሕግ አለው።

ቤቱ የማን ነው?

ከዕዳው በፊት የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤትነት ነው። በአንቀጽ 62 መሠረት ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ፣ እንዲሁም ከግልም ሆነ ከጋራ ንብረታቸው የሚገኝ ገቢ የጋራ ሀብት ነው። በትዳር ዘመን በገንዘብ የተገዛ ወይም የተሠራ ቤትም እንዲሁ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ንብረቱ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ የሚስትን ድርሻ አያጠፋም። በውርስ ወይም በስጦታ ለአንደኛው የመጣ ቤት፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ቤትም ጭምር፣ የግል ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሚስት ከአባቷ የወረሰችው ግቢ የግሏ ነው፤ በግቢው ውስጥ ያሉት ሰርቪስ ቤቶች ተከራይተው የሚያስገቡት የወር ኪራይ ግን የጋራ ገቢ ነው። የኪራይ ገቢ ግብር ሳይከፈልበት ቢከማች ዕዳው የተመዘገበው በእሷ ስም ቢሆንም ገንዘቡን የበላው ቤተሰቡ ነው።

በጉለሌ የሚገኙ ቤቶች በሕግ ዓይን አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ በቀበሌ ሥር የገቡት ቤቶች ኪራይ ብቻ ስለሆኑ በባለቤትነት የሚከፋፈል ነገር የላቸውም፤ ግብር ሰብሳቢውም ሊሸጣቸው አይችልም። በነባር ይዞታ የተያዘ ቤት ላይ የሚከፋፈለው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የባንክ ብድር ቀሪ ዕዳ አብሮት ይኖራል፤ የሚከፋፈለውም ቀሪው ብድር ተቀንሶ የሚተርፈው ዋጋ ነው።

ዕዳው የማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 70 ሁለት ዓይነት ዕዳ ይለያል። አንደኛው የአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ ነው፤ ይህ መጀመሪያ ከባለዕዳው የግል ንብረት ይከፈላል፤ የግል ንብረት ከሌለው ግን ከጋራው ንብረት ሊጠየቅ ይችላል። ሁለተኛው ለትዳር ጥቅም የተገባ ዕዳ ነው፤ ይህ ከጋራ ንብረትና ከሁለቱም ተጋቢዎች የግል ንብረት ላይ ሊከፈል ይችላል። አንቀጽ 71 ለትዳር ጥቅም የተገባ የሚባለውን ሲዘረዝር የተጋቢዎችንና የልጆችን ኑሮ ለማሟላት የተገባን ዕዳና ቀለብ የመስጠት ግዴታን ለመወጣት የተገባን ዕዳ ይጠቅሳል። በመጨረሻም ከተጋቢዎች አንዱ ወይም ገንዘብ ጠያቂው ሲያመለክት ፍርድ ቤቱ እንዲህ ነው ብሎ የሚቀበለውን ማንኛውንም ሌላ ዕዳ ይጨምራል።

ግብር በዝርዝሩ ውስጥ በስም የለም። ስለዚህ ክርክሩ በዚህ የመጨረሻ ንኡስ አንቀጽ ላይ ያርፋል፤ ዳኛውም የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ ማየት ይኖርበታል።

የግብር ዕዳ ከሌላ ዕዳ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። (ይህ ገንዘብ በ1992 ዓ.ም. የተወሰነ ነው፤ ዛሬ አንድ ቀን የገበያ ወጪ እንኳ አይሸፍንም።) ግብር ግን በማንም ፊርማ አይመጣም፤ ገቢ በተገኘ ጊዜ በሕግ ኃይል ይወለዳል። ያልተስማማች ሚስት የባሏን ብድር በፍርድ ቤት ልታስፈርስ ትችላለች፤ የግብር ውሳኔን ግን አልፈረምኩም ብላ ልታስፈርስ አትችልም። በኢትዮጵያ ባልና ሚስት የገቢ ግብርን በጋራ አያሳውቁም፤ እያንዳንዱ በራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይታወቃል። በዚህ የተነሣ ዕዳው ሲከማች ሌላኛው ተጋቢ ደብዳቤ አይደርሰውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ቤቱ ላይ እግድ ሲወጣ ነው።

ዕዳው የጋራ ነው የሚለው ወገን ጠንካራ መነሻ አለው። የሱቁ ትርፍ በአንቀጽ 62 የጋራ ሀብት ከሆነ በትርፉ ላይ የተጣለው ግብርም ከትርፉ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጥቅሙን ተካፍሎ ሸክሙን መተው አይቻልም። ዕዳው የግል ነው የሚለው ወገን ደግሞ ገቢው ወደ ቤት እንዳልገባ፣ ለሌላ ትዳር ወይም ለግል ብኩንነት እንደዋለ፣ ወይም ዕዳው ተጋቢዎቹ ተለያይተው መኖር ከጀመሩ በኋላ እንደመጣ በማስረጃ ሊያሳይ ይሞክራል። የባንክ ደብተር እንቅስቃሴ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ግንባታ ወጪና የምስክር ቃል በዚህ ክርክር ክብደት ያላቸው ማስረጃዎች ናቸው።

በመካከል ያለውና ሊለይ የሚገባው ጥያቄ የቅጣቱና የወለዱ ነው። ዋናው ግብር ከቤተሰቡ ገቢ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ቅጣቱ ግን የመጣው ግብር ከፋዩ በወቅቱ ስላላሳወቀ ወይም ስላልከፈለ ነው። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት ግብር ሳይከፈል አንድ ወር ካለፈ ያልተከፈለውን 5 በመቶ፣ ከዚያም በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ ይታሰባል። ወለዱ ደግሞ በንግድ ባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ምጣኔ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ይሰላል። በዚህ አኳኋን ጥቂት ዓመት የቆየ ዕዳ ከዋናው ግብር ጋር የሚቀራረብ ጭማሪ ሊያፈራ ይችላል። ሌላኛው ተጋቢ ሳያውቅ የተከማቸ ቅጣት የትዳር ጥቅም ነው ማለት ይከብዳል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ የጋራ ቤት 6,000,000 ብር ተገመተ እንበል። በባል ስም 1,200,000 ብር የግብር ዕዳ አለ፤ ከዚህ ውስጥ 800,000 ዋና ግብር፣ 400,000 ቅጣትና ወለድ ነው። ዕዳው ሙሉ በሙሉ የጋራ ከተባለ ከቤቱ ዋጋ ላይ ተነሥቶ ለእያንዳንዳቸው 2,400,000 ብር ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ የባል ነው ከተባለ ሚስት 3,000,000 ትወስዳለች፤ ባል 1,800,000 ይቀረዋል። ዋናው ግብር የጋራ፣ ቅጣቱ የግል ነው ቢባል ሚስት 2,600,000፣ ባል 2,200,000 ያገኛሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስሌት መካከል ለሚስት ያለው ልዩነት 600,000 ብር ነው።

ይህ ስሌት በባልና በሚስት መካከል ያለውን ሒሳብ ብቻ ያሳያል። ዕዳው የግል ነው ቢባልም ባለዕዳው ሌላ ንብረት ከሌለው አንቀጽ 70 የጋራውን ቤት ለገንዘብ ጠያቂው ክፍት ያደርገዋል። ቤቱ ለአንደኛው የግል ዕዳ ከተሸጠ ሌላኛው በንብረት ማጣራቱ ወቅት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን ሌላ ንብረት ከሌለው ሰው ካሣን አስፈርዶ መቀበል ሌላ ጉዳይ ነው።

ከቤቱ ጋር የተያያዘው ግብር ይህን ሁሉ ክርክር አያስነሣም። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር፣ በተለምዶ የጣሪያና ግድግዳ የሚባለው፣ የቤቱ ሸክም ስለሆነ ከክፍፍሉ በፊት ከጋራው ይከፈላል። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚነግድ ሰው ከሆነም የማኅበሩ ግብር የማኅበሩ ዕዳ ነው፤ በቀጥታ ወደ መኖሪያ ቤቱ አይመጣም። በግል ስም የንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ይህ መከለያ የለውም።

ግብር ሰብሳቢው

በአዲስ አበባ የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር የሚሰበስበው የከተማ አስተዳደሩ ገቢዎች ቢሮ ሲሆን፣ በየክፍለ ከተማው ቅርንጫፍ አለው። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ለግብር ሰብሳቢው ከተራ ገንዘብ ጠያቂ የሚበልጥ ኃይል ይሰጠዋል። ግብር ከፋዩን አስጠንቅቆ ንብረቱን መያዝና በሐራጅ መሸጥ፣ የባንክ ሒሳቡን ማገድ፣ ከሦስተኛ ወገን ያለውን ገንዘብ መቀበል፣ ከአገር እንዳይወጣም ማስከልከል ይችላል። ለዚህ ሁሉ እንደ ጎረቤት አበዳሪ ከሶ አስፈርዶ መምጣት አይጠበቅበትም።

ግብር ከፋዩ ውሳኔውን ካልተቀበለ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን ነው፤ ይግባኙ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ሲሆን በክርክር ላይ ካለው ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል። በፍቺ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ይህን ጊዜ በቀላሉ ያሳልፋል። ባል ከቤት ወጥቷል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ደብዳቤው በተዘጋ በር ሥር ገብቷል፤ 21 ቀኑ ግን ይቆጠራል። የሒሳብ መዝገብ ለማይይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ በግምት ስለሚወሰን የቅሬታው መብት ዋጋ አለው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በአዲስ አበባና በኦሮሚያ የተነሣው ሰፊ ቅሬታ ግምት ምን ያህል አከራካሪ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ያልተከራከሩበት የተጋነነ ግምት ጊዜው ካለፈ በኋላ የተረጋገጠ ዕዳ ሆኖ ቤቱ ላይ ይመጣል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ኦዲት ወደ ኋላ መመለሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ የቀረበለትን የግብር ማስታወቂያ እስከ 5 ዓመት ድረስ መልሶ ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ይህ ገደብ አያግደውም። ስለዚህ በትዳር ዘመን ለተገኘ ገቢ የሚከፈል ግብር ፍቺው ካለቀ፣ ቤቱም ከተከፈለ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ክርክሩ በፍርድ ቤት

በአዲስ አበባ የፍቺና የንብረት ክርክርን የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በተለምዶ ፍቺው ቀድሞ ይወሰናል፤ ንብረቱ ስምምነት ካልተገኘበት ለብቻው ይታያል። በዚህ መካከል ቤቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት እግድ መጠየቅ የተለመደ ነው። እግዱ አንደኛው ተጋቢ ቤቱን እንዳያሸሽ ይከላከላል፤ የግብር ዕዳውን ግን አያቆመውም።

የማጣራቱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። እያንዳንዱ የግል ንብረቱን ያነሣል፤ ከጋራው ንብረት ላይ የሚጠየቅ ዕዳ ይከፈላል፤ የተረፈው በአንቀጽ 90 መሠረት እኩል ይካፈላል። ቤት በዓይነት ቢከፈል ይመረጣል፤ ሰፊ ግቢ ሆኖ የከተማው ፕላን ከፈቀደ ካርታ ለሁለት ሊወጣለት ይችላል። በጉለሌ ዳገታማና የተጠጋጉ ግቢዎች ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ካልሆነ በባለሙያ ተገምቶ አንደኛው ለሌላኛው ግማሹን ከፍሎ ያስቀራል፤ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ዕዳ ሲኖር አንደኛው ቤቱን ማስቀረቱ ይከብዳል፤ ግማሹን ለመክፈል የሚበደርበት ባንክ ከእግድ ነጻ የሆነ ካርታ ይፈልጋልና።

ባለዕዳው ያልሆነው ተጋቢ ድርሻውን ለማዳን ሁለት የሥነ ሥርዓት በሮች አሉት። በፍርድ አፈጻጸም ንብረት ሲያዝ በአንቀጽ 418 መሠረት ንብረቱ ወይም የንብረቱ ክፍል የባለዕዳው አይደለም ብሎ መቃወም ይቻላል። ተካፋይ ሳይሆን ፍርድ የተሰጠበት ሰው ደግሞ በአንቀጽ 358 ፍርዱን መቃወም ይችላል። ሁለተኛው በር ለግብር ሰብሳቢውም ክፍት ነው፤ ባልና ሚስት ሳያስታውቁት ቤቱን ተካፍለው ቢያስፈርዱ መብቴ ተነካ ብሎ ሊቀርብ ይችላል። በክፍፍል ስምምነት ውስጥ «ዕዳውን ባል ይከፍላል» የሚል ቃል ቢገባ ሁለቱን እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ የስምምነቱ ተካፋይ ያልሆነውን መሥሪያ ቤት ግን አያስርም። በተግባር የሚሻለው ክፍፍሉ ከመጽደቁ በፊት የዕዳውን መጠን የሚያሳይ ደብዳቤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ማስቀረብና ዕዳው ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ በቀጥታ እንዲከፈል ማስደረግ ነው።

ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩም ቢሆኑ፣ ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ስለሚሆን ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል።

ዕዳን ለመሸሽ የሚደረግ ፍቺ

ግብር ሲበዛ በወረቀት ተፋትቶ ቤቱን በሙሉ ዕዳ ለሌለበት ተጋቢ ማስተላለፍ አንዳንዶች የሚያስቡት መንገድ ነው። ሕጉ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ አለው። በስምምነት የሚደረግ ፍቺ የንብረቱን ውል ጭምር ፍርድ ቤት መርምሮ ካላጸደቀው አይጸናም። ገንዘብ ጠያቂ የሚጎዳ ውልን ባለመብቱ ሊያስፈርስ ይችላል። የታክስ አስተዳደር አዋጁም ግብር ያለበት ነጋዴ የንግድ ሀብቱን ለዘመዱ ወይም ለቅርብ ሰው ሲያስተላልፍ ዕዳው ተቀባዩን እንዲከተል ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ፍቺው ራሱ ነው፤ በወረቀት የተፈታች ሚስት በሕግ የተፈታች ናት፤ ቤቱ በስሟ የዞረለት ባልም «ለይስሙላ ነበር» ብሎ መመለሻ ሲፈልግ የራሱን ማጭበርበር መመስከር ይኖርበታል።

በአሜሪካ ያለው አሠራር

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ መነሻው የተለየ ነው። ባልና ሚስት የገቢ ግብርን በአንድ ቅጽ አብረው ማሳወቅ ይችላሉ፤ አብረው ከፈረሙ ለሙሉው ዕዳ ሁለቱም በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ናቸው፤ ፍቺም ይህን አይፈታም። ይህ ያመጣውን በደል ለማለዘብ እ.ኤ.አ. በ1971 «ጥፋት የሌለበት ተጋቢ» የሚባል እፎይታ በሕግ ገባ፤ በ1998 ደግሞ ሰፋ። የተደበቀውን ገቢ እንደማያውቅና ሊያውቅም እንደማይችል ያስረዳ ተጋቢ ከዕዳው ሊወጣ ይችላል። በቤት በኩል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 የአንደኛው ተጋቢ የግብር ዕዳ ያለበት መኖሪያ ቤት በሙሉ እንዲሸጥ ፍርድ ቤት ሊያዝ እንደሚችል፣ ዕዳ ለሌለበት ተጋቢ ግን የድርሻው ዋጋ እንደሚከፈለው ወሰነ። በ2002 ደግሞ የባል የግብር ዕዳ ባልና ሚስት በማይነጣጠል ባለቤትነት በያዙት ቤት ላይ ባለው የባል መብት ላይ እንደሚያርፍ ፈረደ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ «አላውቅም ነበር» የሚል ተጋቢን በስም የሚያነሣ የግብር ድንጋጌ የለም፤ ያ ክርክር የሚስተናገደው ዕዳው ለትዳር ጥቅም ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው የአንቀጽ 71 ጥያቄ ሥር ነው።